የመነሻው ስፌት

እናቴ የሰው ስፌት ስታይ መጀመሪያ የምታደርገው መገልበጥ ነው። ቀለሙ ቢደምቅ፣ ጥለቱ ቢያምር ቶሎ አትደነቅም። ሰፌዱን አንስታ ትገለብጥና መሀሉ ላይ ያለችውን፣ ሥራው የተጀመረባትን ትንሽ ጥምጥም በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች። እዚያች ላይ ሣሩ ከላላ፣ ወይም ዙሩ ከመሀል ፈቀቅ ካለ፣ ከዚያ በኋላ የተሰፋው ሁሉ ያንኑ ጥፋት እያሰፋ የሄደ ነው። «መነሻው አልያዘም» ትላለች፤ ከዚያ በላይ ትችት አትጨምርም። ስንደዶና አክርማዋን ነክራ፣ ወስፌዋን ይዛ ስትሰፋ እያየሁ ስላደግሁ የእጅ ሥራ የምመዝንበት ዓይን ከእሷ የወረስሁት ነው።

በዚሁ ዓይን ነው አንድ ቀን የሰውን መነሻ ያየሁት። መካንነት በሚታከምበት ማዕከል ውስጥ፣ መብራቱ ደብዘዝ ባለ ክፍል፣ አንዲት ወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያ ከማይክሮስኮፑ ጋር ወደተያያዘው ስክሪን ጠራችኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከወንድ ዘር ጋር የተገናኘች እንቁላል ነበረች። ክብ ናት፤ ጥርት ያለች። ዙሪያዋን የመስታወት ቀለበት የሚመስል ወፍራም ሽፋን ከቧታል። መሀሏ ላይ ሁለት ድቡልቡል ነገሮች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።

«እነዚህን ሁለቱን ያዩዋቸዋል?» አለችኝ በቀስታ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የፈራች ይመስል። «አንዱ ከእናት የመጣ ነው፤ አንዱ ከአባት።»

«የቱ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ብዙ ጊዜ ተለቅ የሚለው የአባትየው ነው። ጠርዙ ላይ ካሉት ትንንሽ ጠብታዎች የሚቀርበው ደግሞ የእናትየዋ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቢመጡ ግን ሁለቱንም አያገኟቸውም።»

«የት ይሄዳሉ?»

«ግድግዳቸው ይሟሟና ክሮቻቸው አንድ ላይ ይሰለፋሉ። ከዚያ በኋላ የእናት፣ የአባት ብሎ መለየት የለም።»

ከዚያ ስክሪን ፊት ለመነሣት ጊዜ ፈጀብኝ። ሠሪው ማን እንደሆነ አንባቢ በየእምነቱ ያውቃል። እኔ እዚህ ልናገር የፈለግሁት ስለ ስፌቱ ነው።

ስለ ፅንሰት ሲወራ የአንድ ቅጽበት ነገር ተደርጎ ነው የሚወራው፤ ዘር ከእንቁላል ተገናኘ፣ አለቀ። ሐኪሞች ግን እርግዝናን የሚቆጥሩት የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ «የአራት ሳምንት እርጉዝ» የተባለች ሴት የያዘችው ፅንስ ዕድሜው ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፅንስ የሚባል ነገር አልነበረም። ብዙ ሴቶች ይህን ሲሰሙ ግር ይላቸዋል፤ ከመንገድ የተመለሰ ባልም ቀኑን ቆጥሮ በከንቱ ክፉ የሚጠረጥርበት ጊዜ አለ። ቆጠራው ግን ለሥራው ተገቢውን ክብር የሰጠ ይመስለኛል። ስፌት የሚጀመረው ወስፌው ሣሩን የወጋ ጊዜ አይደለም፤ ሣሩ ሲለቀም፣ ሲደርቅ፣ ሲነከር ነው።

እንዲያውም ሐኪሙ አሳጥሮ ነው የቆጠረው። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን የምታገኘው ራሷ በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው። የአምስት ወር ገደማ ፅንስ ስትሆን ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይቀራሉ፤ ለአካለ መጠን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ። በዕድሜዋ ሙሉ በስለው የሚወጡት 400 ቢሆኑ ነው፣ 500 ቢሆኑ ነው። እያንዳንዷ እንቁላል ክሮሞዞሟን ለመክፈል ትጀምርና መሀል ላይ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች፤ አንዷ አሥራ አምስት ዓመት፣ አንዷ ሠላሳ፣ አንዷ አርባ። እኔን የሆነችው እንቁላል የተሠራችው አያቴ እናቴን አርግዛ ሳለች ነው ማለት ነው። አያቴን በሕይወት አልደረስሁባትም።

ተራዋ ሲደርስ ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ እጢ የሚወጣ ሆርሞን በደም ውስጥ በድንገት ያሻቅባል። ከዚያ 36 ሰዓት ያህል ቆይቶ እንቁላሏ ከእንቁልጢ ትወጣለች። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ለዓመታት የቆመውን ሥራ ትቀጥላለች፤ እዚህ ላይ ነው የባለሙያ እጅ መታየት የሚጀምረው። 46ቱን ክሮሞዞም ለሁለት መክፈል ይኖርባታል፤ ስንቋን ግን መክፈል አትችልም፤ ለመጪዎቹ ቀናት የሚበላው ሁሉ ከእሷ ነውና። እኩል ብትከፈል ሁለቱም የሚራቡ ሁለት ግማሾች ይወጡ ነበር። ስለዚህ ክፍፍሉን ጠርዝ ላይ ታደርገዋለች። ግማሹ ክሮሞዞም ምንም ስንቅ ባልያዘች ጠብታ ተጠቅልሎ ይወጣል፤ ስንቁ በሙሉ ከእሷ ጋር ይቀራል። ከዚያ ሁለተኛውን ክፍፍል ጀምራ እንደገና ትቆማለች። የወንድ ዘር ካልነካት አትጨርሰውም፤ ሲነካት ሁለተኛዋ ጠብታ ትወጣለች። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያየኋቸው ሁለቱ ጠብታዎች እነዚህ ነበሩ፤ የጨርቅ ቅዳጅ ከመሰፊያው ሥር እንደሚገኘው።

የማህፀን ቱቦው ጫፍ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተዘረዘረ ነው። ያ ዘርፍ እንቁላሏ የወጣችበትን ቦታ እየዳበሰ ይሰበስባታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን፤ ይህቺኛዋ እግር የላትም፤ በቱቦው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ናቸው ቀስ በቀስ የሚያሻግሯት። ጊዜዋም አጭር ነው፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት። የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ስለሚችል ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ደርሶ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ስለ ወንዱ ዘር የሚነገረውን የሩጫ ወግ አልወደውም። ሚሊዮኖች ተነሥተው ቱቦው ድረስ የሚዘልቁት መቶዎች መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ወጉ የሴቷን አካል የሩጫ ሜዳ ብቻ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 ቻንግ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ፣ ኦስቲን የተባለ ሌላ ደግሞ በአውስትራሊያ፣ ተለያይተው በመሥራት አንድ ነገር አገኙ፦ የወንድ ዘር እንደመጣ እንቁላል ውስጥ መግባት አይችልም። በሴቷ አካል ውስጥ ሰዓታት ቆይቶ ላዩ ላይ ያለው ሽፋን መገፈፍ፣ የጅራቱ ምትም መለወጥ አለበት። የመጨረሻውን የማስተካከያ ሥራ የምትሠራው እሷ ናት።

አሁን ወደ መስታወቱ ቀለበት ልመለስ፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ አስበልጬ የምወደው እሱን ነውና። እንቁላሏ ስትበስል ዙሪያዋ የሚዘጋጅላት ልብስ ነው፤ አራት ዓይነት ፕሮቲኖች እንደ ክር ተፈትለው የተሸመኑበት። እንቁላሏ ራሷ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ስለሆነች ዓይኑ የተባ ሰው እንደ ነጥብ ሊያያት ይችላል፤ ልብሷን ግን ያለ ማይክሮስኮፕ የሚያይ የለም። ስክሪኑ ላይ ስታዩት የውሃ ጥራት አለው፤ ሥራው ግን እንደ ጥሩ አጥር ነው። የሰው ያልሆነውን ዘር ይመልሳል፤ የሰው የሆነውን ያቆምና እንዲያልፍ ያደርጋል። ዘሩ ቀለበቱን ቦርቡሮ ካለፈ በኋላ የእንቁላሏን ገላ ይነካል። እዚያ አንዱ ፕሮቲን ከሌላው ጋር እንደ ቁልፍና ቀዳዳ ይገጥማል። በዘሩ በኩል ያለውን እ.ኤ.አ. በ2005 ያገኙት ጃፓኖች ናቸው፤ ጋብቻ በሚለመንበት ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ስም «ኢዙሞ» አሉት። በእንቁላሏ በኩል ያለውን ደግሞ በ2014 ያገኙት በእንግሊዝ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በጥንታዊ ሮማውያን የጋብቻ አምላክ ስም «ጁኖ» ብለው ሰየሙት። ሳይንቲስቶች ስም ሲያወጡ እንደ ክርስትና አባት የተጨነቁበት ጊዜ አለ፤ ይህ አንዱ ነው።

ጥንዶቹ እንደተገናኙ በሩ ይዘጋል። ሁለተኛ ዘር ቢከተል የክሮሞዞሙ ቁጥር 46 መሆኑ ይቀርና 69 ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ፅንስ መዝለቅ አይችልም። ስለዚህ ዘሩ ይዞት የመጣው ፕሮቲን እንቁላሏ ውስጥ የካልሲየም ማዕበል ይቀሰቅሳል፤ ማዕበሉ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ይበርዳል፣ እንደገና ይነሣል፣ ለሰዓታት። በዚያ ማዕበል እንቁላሏ ከገላዋ ሥር አስቀድማ ደርድራ ያስቀመጠቻቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ወደ ውጭ ይፈነዳሉ። ከውስጣቸው የሚወጣው ነገር የመስታወቱን ቀለበት ያጠነክረዋል፣ ዘር የሚይዝበትን ቦታም ይቆርጥበታል። ጁኖዎቹም ከላይዋ ይረግፋሉ። ከዚያው ጋር ዚንክ በብልጭታ መልክ ይወጣል፤ ይህን በሰው እንቁላል ላይ በ2016 በአሜሪካ ተመራማሪዎች በሚያበራ ቀለም አይተውታል። አናጺ በር ሲሠራ መክፈቻው አንድ፣ መዝጊያው ሌላ ነው። እዚህ ግን በሩን የከፈተው ንክኪ ራሱ ነው የሚቆልፈው። እናቴ ይህን ብታይ ገልብጣ ዳብሳው «ይዟል» የምትል ይመስለኛል።

ይህን መገናኘት ከሰው አካል ውጭ መጀመሪያ ያየችው ሚርያም መንኪን ናት። በማሳቹሴትስ በዶክተር ጆን ሮክ ላቦራቶሪ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ እንቁላል ከዘር ጋር እያገናኘች ለስድስት ዓመት ስትሞክር አልሠራላትም። በየካቲት 1944 ጥርስ የምታወጣ ሕፃን ልጇ ሌሊቱን ሳታስተኛት ቀርታ ደክሟት ነበር። ዘሩን እንደ ሁልጊዜው ደጋግማ አላጠበችውም፤ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅራ ሳለችም እንቅልፍ ሸለብ አደረጋትና ለግማሽ ሰዓት ብቻ ትተዋቸው የነበሩት እንቁላልና ዘር አንድ ሰዓት አብረው ቆዩ። በኋላ ስታይ እንቁላሏ ለሁለት ተከፍላለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የጎደለው ብልሃት አልነበረም፤ ዘሩ በብዛት ሆኖ ሳይቸኮልበት መቆየቱ ነበር። በዚያ መንገድ ተፀንሳ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን ወደዚህ ዓለም የመጣችው ከ34 ዓመት በኋላ፣ በ1978 ነው።

ቀጣዮቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ያለው ሥራ እንደ ድፎ ዳቦ መቁረስ ነው። እንቁላሏ ሁለት ትሆናለች፣ አራት፣ ስምንት፤ ቁራሹ ይበዛል እንጂ ዳቦው አያድግም፤ ሁሉም በዚያው መስታወት ልብስ ውስጥ ነው። ለክፍፍሉ የሚያስፈልገውን መዘውር የሚያመጣው የአባት ዘር ነው፤ ስንቁና የመጀመሪያው ትእዛዝ ግን የእናት። ከአራት እስከ ስምንት ሕዋስ እስኪሆን ድረስ ፅንሱ የራሱን ጂኖች አላነበበም ማለት ይቻላል፤ እናቱ እንቁላሏ ውስጥ ጽፋ ባስቀመጠችለት ደብዳቤ ነው የሚተዳደረው። ከዚያ የራሱ ድምፅ ይነሣል።

በአራተኛው ቀን ስምንት፣ አሥራ ስድስት የነበሩት ድቡልቡሎች እርስ በርስ ይጠጋጋሉ፤ ድንበራቸው እስኪጠፋ ይጣበቃሉ። በውጭ የተገኙት አንድ ዕጣ ይወጣላቸዋል፣ በውስጥ የተገኙት ሌላ። የውጮቹ እንግዴ ልጁን ይሠራሉ፤ ጥቂቶቹ የውስጦቹ ናቸው ልጁን የሚሆኑት። ቤት ከመቆሙ በፊት አጥሩ፣ በሩ፣ ጓዳው መዘጋጀቱ እኛም ዘንድ ያለ ወግ ነው።

ባለሙያዋ በኋላ ያሳየችኝ ጊዜው ተፋጥኖ የሚታይ ቪዲዮ ነበር። በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን መካከል መቶ ያህል ሕዋስ የሆነው ፅንስ በውሃ ይሞላል፣ ይነፋል፣ ተመልሶ ይኮማተራል፣ እንደገና ይነፋል። ያ የምወደው ቀለበት እየሳሳ እየሳሳ ይሄዳል። በመጨረሻም በአንድ ጎኑ ይቀደድና ፅንሱ በቀዳዳው እየተጨመቀ ይወጣል፤ ለትንሽ ጊዜ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ስምንት ቁጥርን ይመስላል። ባዶው ልብስ ወደ ጎን ይቀራል። ቀለበቱ ቀድሞ ቢቀደድ ፅንሱ ቱቦው ላይ ሊጣበቅ ይችል ነበር፤ ሳይቀደድ ቢቀር ማህፀን ላይ መያዝ አይችልም። ለአንድ ሳምንት እንዲያገለግል ተሠርቶ በሳምንቱ የሚቀደድ ልብስ ምን ያህል ተለክቶ መሰፋት እንዳለበት አስቡት።

የማህፀን ግድግዳም ፅንስን የሚቀበለው በወሩ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ፅንሱ ልጅ የሚሆነውን ወገኑን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይጠጋል፤ የውጭ ሕዋሳቱም መሀላቸው ያለውን ድንበር አፍርሰው አንድ ወጥ የሆነ ሰፊ ገላ ይሆኑና እንደ ሥር ይገባሉ። ያን ድንበር የሚያፈርሰው ፕሮቲን ጂኑ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት አያት ቅድመ አያቶቻችንን ከያዘ ቫይረስ የተወረሰ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2000 ታውቋል። ጠላት ሆኖ የገባ ዛሬ እያንዳንዱን ልጅ ከእናቱ ጋር ለማጣበቅ ይሠራል።

እናትየዋ በዝምታ የምትቀበል ብቻ አይደለችም። የግድግዳዋ ሕዋሳት ያብጣሉ፣ ስኳር ያከማቻሉ፤ የሚገባውን እስከዚህ ድረስ ግባ፣ ከዚህ አትለፍ ብለው ይገድባሉ። ሥሩ ሳይጠልቅ ቢቀር በኋለኞቹ ወራት የደም ግፊት ሊያመጣ ይችላል፤ ከልክ በላይ ቢጠልቅ ደግሞ በወሊድ ጊዜ እንግዴ ልጁ አልለቅም ይላል። እዚህ ቦታ ሁለት እጅ ነው የሚሰፋው፤ አንዱ ይወጋል፣ አንዱ ያጠብቃል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገደማ የተገባበት ቀዳዳ ተሸፍኖ ፅንሱ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል።

ከዚያ ጋር መልእክት ይላካል። እንቁላሏ የወጣችበት ቦታ ላይ የቀረው ቢጫ አካል የማህፀኑን ግድግዳ ይዞ የሚያቆየውን ሆርሞን የሚያመነጭ ቢሆንም የሚኖረው ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ ሲከስም የወር አበባ ይመጣል። ፅንሱ የራሱን ሆርሞን ወደ እናቱ ደም ልኮ እንዳይከስም ያደርገዋል። ሴትየዋ ከፋርማሲ ገዝታ በሽንቷ ውስጥ የምትነክረው ወረቀት ሁለተኛዋን መስመር የሚያወጣው ይህንኑ ሆርሞን አግኝቶ ነው። ከስንዴ ፍሬ እጅግ ያነሰ ፍጥረት የላከው ደብዳቤ ነው እጇ ላይ የሚነበበው።

ሁሉም መነሻ ግን አይይዝም። ከታወቁት እርግዝናዎች መካከል ከ100 ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይጨነግፋሉ፤ ሴቲቱ ሳታውቀው የሚያልፈው ደግሞ በላዩ አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚጨነግፉት ግማሽ ያህሉ የክሮሞዞም ቁጥር ጉድለት ያለባቸው ናቸው፤ ያ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ለዓመታት ቆማ የጠበቀችው እንቁላል ክፍፍሏን ስትጨርስ ከሚሳት ክር ነው። እናቴ ከእኔ በፊት አንድ ጨንግፎባታል። «ያን ቀን እንስራ ተሸክሜ ነው» ስትል ነው የኖረችው፤ ጎረቤቶቿም ሲያጽናኗት እንኳ «ምነው ባትሸከሚ ኖሮ» ነበር የሚሏት። ከላቦራቶሪው የተመለስሁ ዕለት ስለ ክሮሞዞሞቹ፣ ስለሚሳተው ክር እንደሚገባት አድርጌ ነገርኳት። ብዙ ቆየች፤ ስፌቷን ጉልበቷ ላይ አኖረችና «መነሻው ኖሯል ያልያዘው» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ስለ እንስራው ከዚያ ወዲህ ስታነሣ አልሰማሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ድርብ ጨርቅ በሚመስለው ፅንስ ላይ አንዲት መስመር ትሰመራለች፤ ራስና እግር፣ ቀኝና ግራ የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። በመስመሯ በኩል ሕዋሳት ወደ ውስጥ ይሰምጡና ሦስተኛ ድርብ ይፈጥራሉ። ከዚያ ለዓይኔ ከቀለበቱ ቀጥሎ የሚያምረኝ ሥራ ይመጣል። የጀርባው ሜዳ መሀሉ ይጎደጉዳል፣ ሁለቱ ጠርዞች እንደ ሁለት ከንፈር ይነሣሉ፣ ይጎነበሳሉ፣ አንገት በሚሆነው አካባቢ ይገናኛሉ። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች እየተሰፋ ይሄዳል። ይህ ስፌት ነው አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው። የላይኛው ጫፍ በ25ኛው ቀን ገደማ፣ የታችኛው በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። ሳይዘጋ የቀረ እንደሆነ በኋላ በራሱ አይዘጋም፤ ስለዚህ ነው ሴቷ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከእርግዝናው በፊት ጀምራ ትውሰድ የሚባለው። ማርገዟን ካወቀች በኋላ ብትጀምር ስፌቱ አልቆ ሊሆን ይችላል።

ልብ ከ22ኛው ቀን ጀምሮ ይመታል። በ28ኛው ቀን የመጨረሻዋ ቀዳዳ ስትዘጋ ፅንሱ ርዝመቱ ከአምስት ሚሊሜትር አይበልጥም። ሴትየዋ የወር አበባዋ ከቀረባት ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ምናልባት ዛሬ ቡና እያፈላች ነው፤ የሚቆላው ቡና ጭሱ ሲወጣ፣ ከዚህ በፊት በእጇ ወደ ፊቷ ስታርገበግበው የነበረችው፣ ምን እንደነካት ሳታውቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች።